ጨረሩና መለኪያዋ

«ሦስት፣ ሁለት፣ ሦስት። አራት፣ ሦስት፣ አምስት። ስድስት፣ አምስት፣ ሰባት… እዚህ ይደማል።»

አሜሪካ ውስጥ የድድ ሐኪም ወንበር ላይ የተንጋለለ ሰው ቀድሞ የሚሰማው ይህን ቆጠራ ነው። የጥርስ እጥበት ባለሙያዋ በሚሊ ሜትር የተሰመረች ቀጭን የብረት መለኪያ ይዛ በጥርሱና በድዱ መሀል ቀስ አድርጋ ታስገባለች። በእያንዳንዱ ጥርስ ዙሪያ ስድስት ቦታ ላይ ጥልቀቱን ታነባለች፤ ረዳቷ ትመዘግባለች። ከአንድ እስከ ሦስት ከሆነ ድዱ ደህና ነው። አራት ሲባል ልብ ማለት ያስፈልጋል። ስድስትና ሰባት ከተባለ ድዱ ከጥርሱ ተላቆ ኪስ ሠርቷል፤ ጥርሱን የተሸከመው አጥንትም ከሥር እየተበላ ሊሆን ይችላል። ተንጋሎ የሚያዳምጠውን ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ምንም አላመመውም። ጠዋት ጥርሱን ሲቦርሽ ምራቁ ቀላ ማለት ከጀመረ ዓመታት አልፈዋል፤ ብሩሹ ሻካራ ስለሆነ ነው ብሎ ትቶታል።

ቆጠራው ሲያበቃ ምርጫ ይቀርብለታል። አንዱ ጥልቅ እጥበት ነው፤ ድዱ ደንዝዞ ከሥሩ የተጋገረው ታርታር በእጅ መሣሪያና በንዝረት ይፋቃል። ሌላው ቀዶ ጥገና ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በማስታወቂያው ጎልቶ የመጣው ደግሞ ሌዘር ነው። ቢላ የለውም፣ ስፌት የለውም፣ ሕመሙ ትንሽ ነው፣ የጠፋውም አጥንት ተመልሶ ይበቅላል ይባልለታል። ለሙሉ አፍ ሲሠራ ብዙ ሺ ዶላር ያስወጣል። ለአረጋውያን የሚሰጠው መደበኛው ሜዲኬር የተለመደውን የጥርስ ሕክምና ስለማይሸፍን ወጪው የሚያርፈው ልጆች ላይ ነው። «ለእማዬ ሌዘሩን እናሠራላት ወይስ ይቅር?» የሚለውን ጥያቄ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ካሉ ዘመዶቼ ደጋግሜ የሰማሁት ለዚህ ነው።

ፍርዴን ከወዲሁ ልናገር። ሌዘሩ እውነተኛ መሣሪያ ነው፤ በሠለጠነ እጅ ጥሩ ሥራ ይሠራል። ነገር ግን የሚወራለትን ያህል አልተመሰከረለትም። በሳይንሱ መጽሔትም ሆነ በታካሚው ወንበር ምስክርነቱን የሚሰጠው ያቺ ርካሽ መለኪያ ናት። ከፋዩ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ሊያውቀው የሚገባውም ስለ ጨረሩ ከሚነገረው በላይ መለኪያዋ ስለምትለካው ነገር ነው።

ድድ በጥርስ አንገት ላይ እንደ ሸሚዝ ኮሌታ ይቀመጣል። በኮሌታውና በጥርሱ መካከል ያለችው ጠባብ ስንጥቅ የባክቴሪያ መኖሪያ ናት። ባክቴሪያዎቹ ተያይዘው ለስላሳና የሚጣበቅ ሽፋን ይሠራሉ፤ ሽፋኑ ካልተጠረገ በምራቅ ውስጥ ያለው ካልሲየም ይገባበትና ይጠጥራል። ያ ታርታር ነው፤ በቤት ብሩሽ አይነሳም። ሰውነት ይህን ወረራ ለመመከት ደም ይልካል፤ ድዱ ያብጣል፣ ይቀላል፣ ሲነኩት ይደማል። እስከዚህ ድረስ ያለው ሁሉ ይመለሳል።

ይህን ያረጋገጠው ሃራልድ ሎ የተባለ ኖርዌያዊ ነው። በ1965 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በዴንማርኳ ኦርሁስ ከተማ ከባልደረቦቹ ጋር ጤናማ ድድ ያላቸውን 12 ሰዎች ጥርሳቸውን ማጽዳት እንዲተዉ አደረገ። አብዛኞቹ የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች ነበሩ። ከ10 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ የሁሉም ድድ ተቆጣ። እንደገና ማጽዳት ሲጀምሩ በቀናት ውስጥ ዳነ። ዛሬ ግልጽ የሚመስለን ነገር ያኔ አከራካሪ ነበር፤ ብዙ ሐኪሞች የድድ በሽታን ከእርጅናና ከምግብ እጥረት ጋር ያያይዙት ነበር።

የዚሁ ሰው ሁለተኛ ሥራ ይበልጥ ያስደነግጣል። በ1970 ስሪላንካ ውስጥ በሻይ ተክል እርሻ የሚሠሩ 480 ወንዶችን መከታተል ጀመረ። ጥርስ የማጽዳት ልማድም ሆነ የጥርስ ሐኪም አያውቁም ነበር። ከ15 ዓመት ክትትል በኋላ በ1986 የታተመው ውጤት ሰዎቹን በሦስት ከፈላቸው። 11 በመቶዎቹ ድዳቸው ከመቆጣት አልፎ አልሄደም። 81 በመቶዎቹ ቀስ በቀስ ተጎዱ። 8 በመቶዎቹ ግን በፍጥነት አለቁ፤ በ35 ዓመታቸው በአማካይ 12 ጥርስ፣ በ40 ዓመታቸው 20 ጥርስ አጥተው 45 ሲሞላቸው አፋቸው ባዶ ቀረ። አፋቸው ያው አፍ፣ ኑሯቸው ያው ኑሮ ነበር። የለያያቸው ሰውነታቸው ለባክቴሪያው የሚሰጠው መልስ ነው። ሰውነት ወራሪውን ለማጥፋት የሚያፈልቀው ኬሚካል በአንዳንዱ ሰው ልክ ያልፍና የራሱን አጥንት ይበላል። ሲጋራ ይህን ያባብሳል፤ የስኳር በሽታም እንዲሁ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው ዘገባ ከባድ የድድ በሽታ ያለባቸውን ሰዎች ከአንድ ቢሊዮን በላይ አድርሷቸዋል። እኛ ዘንድ በዕድሜ የገፋ ሰው ጥርሱ ሲነቃነቅ «እርጅና ነው» ይባላል። የስሪላንካው ሠራተኛ 45 ዓመቱ ነበር።

አሁን ወደ ጨረሩ። ቴዎዶር ማይማን የመጀመሪያውን ሌዘር ካሊፎርኒያ፣ ማሊቡ ውስጥ ያበራው ግንቦት 16 ቀን 1960 ነው፤ ቀይ ጨረር ከሩቢ ዘንግ። በአምስት ዓመት ውስጥ ጨረሩ አፍ ውስጥ ገባ። የሲንሲናቲው የቆዳ ሐኪም ሊዮን ጎልድማን በ1965 የሩቢ ሌዘሩን በወንድሙ በበርናርድ ጥርስ ላይ ተኮሰ። በርናርድ ራሱ የጥርስ ሐኪም ነበር። አላመመውም፤ ጥርሱም ከላይ ብቻ ትንሽ ተጎዳ። የሩቢ ጨረር ግን ሙቀቱ ወደ ጥርሱ ውስጥ ዘልቆ ነርቩን እንደሚያቃጥል በእንስሳት ላይ የተደረጉ ሙከራዎች ስላሳዩ፣ የጥርስ ሌዘር ለብዙ ዓመታት ከቤተ ሙከራ አልወጣም። ኋላ ሌላ የወንድማማቾች ሥራ ነገሩን ቀሰቀሰው፤ የሚሺጋኑ የጥርስ ሐኪም ቴሪ ማየርስ ከዓይን ሐኪም ወንድሙ ከዊልያም ጋር ሆኖ ለዓይን ከሚያገለግለው የኒዮዲሚየም ያግ ሌዘር ለጥርስ ሐኪም የሚሆን መሣሪያ አወጣ። በ1990 አካባቢ ለድድና ለመሳሰለው ለስላሳ ሥጋ እንዲሸጥ ተፈቀደ።

የዛሬው ማስታወቂያ በአብዛኛው የሚናገረው ስለዚህ ሌዘር ልጅ ነው። በካሊፎርኒያ፣ ሴሪቶስ ከተማ የሚሠሩት ሮበርት ግሬግና ዴልዊን ማካርቲ የተባሉ ሁለት የጥርስ ሐኪሞች ጨረሩን ለጥልቅ የድድ ኪስ የሚሆን አሠራር ፈጠሩለት። አሠራሩ ላናፕ፣ መሣሪያው ፔርዮሌዝ ይባላል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2004 አሠራሩን ፈቀደ። በ2016 ደግሞ ድርጅታቸው፣ ሚሌኒየም ዴንታል ቴክኖሎጂስ፣ ከጥርስ ሥር የጠፋው አካል ዳግም እንደሚያድግ ለመናገር የሚያስችለውን ፈቃድ አገኘ። ስለዚህ ፈቃድ በኋላ የምለው አለ።

ሥራው እንዴት እንደሚካሄድ ላሳይ። ታካሚው በማደንዘዣ መርፌ ይደነዝዛል፤ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቀጠሮ ግማሽ አፍ፣ በሌላው ቀጠሮ ቀሪው ይሠራል። ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ፣ ታካሚውንም ጨምሮ፣ ለዚያ ጨረር ተብሎ የተሠራ መነጽር ያደርጋል። ጨረሩ 1,064 ናኖ ሜትር የሞገድ ርዝመት ስላለው ለዓይን አይታይም፤ ዓይን ውስጥ ከገባ ደግሞ ሬቲናን ያቃጥላል። ሐኪሙ ከፀጉር ወፈር የምትል የመስታወት ክር ከጥርሱ ሥር ጎን ለጎን ወደ ኪሱ ያስገባና ጨረሩን በሴኮንድ ቅንጣት እየቆራረጠ ይለቃል። የኪሱን ውስጠኛ ግድግዳ የሸፈነው የታመመ ሥጋ ይተናል፤ የተቃጠለ ሽታ ይሸታል። ይህ የመጀመሪያው ዙር ነው።

ከዚያ ሐኪሙ ሌዘሩን ያስቀምጣል። ማስታወቂያው ይህችን ቅጽበት አይናገርም። በንዝረት የሚሠራውን መፋቂያ አንሥቶ ታርታሩን ከጥርሱ ሥር ላይ ይፍቃል፤ ረጅም ሰዓት የሚወስደውም ይኸው ነው። ኒዮዲሚየሙም ሆነ በብዙ ክሊኒኮች ያለው ርካሹ የዳዮድ ሌዘር ታርታርን አያነሳም። የኤርቢየም ሌዘር ይችላል፤ ጨረሩ በውሃ ስለሚዋጥ ጠጣር ነገርን ይፈነቅላል፤ እሱ ግን ሌላ መሣሪያ፣ ሌላ ዋጋ ነው። ታርታሩ ከተፋቀ በኋላ በላናፕ ሁለተኛው ዙር ይመጣል። ጨረሩ በረዘመ ምት ይለቀቅና ኪሱ ውስጥ ያለውን ደም ያረጋል፤ የረጋው ደም ኪሱን እንደ ክዳን ይዘጋል፤ ድዱ በጣት ተጭኖ ከጥርሱ ጋር ይለጠፋል። የሚነቃነቁ ጥርሶች ካሉ እርስ በርስ ይታሠራሉ፤ አላግባብ የሚጋጩ ካሉ ተስለው ጫናው ይቀንስላቸዋል። ታካሚው ለቀናት ፈሳሽ፣ ከዚያም ለስላሳ ምግብ ይበላል። ለወራትም ያቺ መለኪያ ወደ ድዱ አትገባም፤ የሚድነውን እንዳታፈርስ።

ከድሮው ቀዶ ጥገና ጋር ያለው ልዩነት ለታካሚው ይታወቀዋል። በቀዶ ጥገናው ድዱ በቢላ ተቀዶ ይገለጣል፣ ሥሩ ፊት ለፊት እየታየ ይጸዳል፣ ከዚያ ይሰፋል። ሲድን ድዱ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ጥርሱ ረዝሞ ይታያል፣ ቀዝቃዛ ውሃም ያንዘረዝረዋል። በሌዘሩ ይህ ያነሰ ነው። ፍርሃት ይዟቸው ከሐኪም ቤት የሚሸሹ ሰዎች ስፌት የለም ስለተባሉ ብቻ ወደ ሕክምና ሲመጡ አይቻለሁ፤ ይህን ጥቅም ማንም ሊያቃልለው አይገባም።

አክስቴ ከእነዚያ አንዷ ናት። የጎንደር ሴት ናት፤ ልጅ ሳለች ድዷን ተነቅሳለች። በመርፌ ተወግቶ፣ ጥላሸት ተቀብቶ፣ ጥርሱ እንዲያበራ ድዱ የሚጠቁርበት የውበት ሥራ ነው፤ ድድን ያጠነክራል ብለው የሚያምኑም ነበሩ። ሜሪላንድ ውስጥ የድድ ሐኪም ዘንድ ይዣት ስሄድ ወጣቷ ባለሙያ አፏን ከፍታ አየችና ፊቷ ተለወጠ። በሽታ መስሏት ነበር።

«ምን አለች?» አለችኝ አክስቴ።

«ድድሽ ለምን ጠቆረ ብላ ነው።»

«ውበት ነው በላት። እናቴ ናት ያስነቀሰችኝ።»

ተረጎምኩላት። ልጅቷ ደስ ብሏት ሐኪሙን ጠራችው። እሱ ጎንበስ ብሎ አየና ስለ ሌዘሩ ማውራቱን ለጊዜው ገታ አደረገ። ምክንያቱን ሲያስረዳኝ ጉዳዩ የእኛን ሰው ሁሉ እንደሚመለከት ገባኝ።

የኒዮዲሚየምና የዳዮድ ጨረር በውሃ ብዙም አይዋጥም። የሚውጠው ቀለም ነው፤ በደም ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን፣ ቆዳንና ድድን የሚያጠቁረው ሜላኒን። የአሠራሩ ደጋፊዎች ይህን እንደ ብልሃት ያነሱታል፤ ጥልቅ ኪስ ከሚያስከትሉት ባክቴሪያዎች ዋነኛው፣ ፖርፊሮሞናስ ጂንጂቫሊስ፣ ራሱ ጥቁር ቀለም ያመርታልና ጨረሩ እሱን ለይቶ ይመታዋል ይላሉ። ግን ያው ጨረር ጥቁር ድድ ላይ ሲያርፍ ከፈዛዛ ድድ ይልቅ በላዩ ላይ ብዙ ኃይል ይቀራል፤ ሥጋው ቶሎ ይሞቃል። ጥላሸት ደግሞ ካርቦን ነው፤ ካርቦን ይህን ጨረር አጥብቆ ይውጣል። የዳዮድ ሌዘር የሚጠቀሙ ሐኪሞች የመስታወቷን ክር ጫፍ ሆን ብለው የሚያጠቁሩት ሙቀት እንድትሰበስብ ነው። ስለዚህ የተነቀሰ ወይም በተፈጥሮው የጠቆረ ድድ ያለው ሰው ሌዘር ሲቀርብለት «ኃይሉን ለእኔ ድድ እንዴት ታስተካክለዋለህ?» ብሎ መጠየቅ አለበት። የሠለጠነ ሐኪም መልስ አለው። የሚደነግጥ ካለ ግን ሌላ ሐኪም መፈለግ ይሻላል።

ስለ ጥቁር ድድ ሌላም ነገር አለ፤ ከሌዘሩ ይልቅ ይህ ያሳስበኛል። የመማሪያ መጻሕፍቱ የታመመ ድድ ይቀላል ይላሉ። የጠቆረ ድድ መቅላቱ በደንብ አይታይም። አክስቴ መስታወት ፊት ቆማ ድዷን ብታይ ልጅ ሳለች እንደነበረው ነው። የሚናገረው ደሙና መለኪያዋ ብቻ ናቸው። የእሷ ኋለኛ ጥርሶች ስድስት አነበቡ፣ ከዚያ በላይም የነበረ አለ።

«ልጄ፣» አለችው ሐኪሙን በአማርኛ፣ እኔ እየተረጎምኩ፣ «ይሄ መብራት ጥርሴን ያጸናዋል ወይ?»

መልሱ ቀጥተኛ ነበር። መጀመሪያ ጥልቅ እጥበት እንሥራ፤ ከሳምንታት በኋላ እንደገና እንለካ፤ ያልዳነ ኪስ ከቀረ ያን ጊዜ ስለ ሌዘር ወይም ስለ ቀዶ ጥገና እንነጋገራለን አለ። ብዙ ሺ ዶላር ሊቀበል ይችል የነበረ ሰው እንዲህ ማለቱ ያስከብረዋል።

ሐኪሙ ያለው ነገር ከደግነት በላይ መሠረት አለው። ጥልቅ እጥበት ያለ ምንም ጨረር ብዙ ይሠራል። ከ4 እስከ 6 ሚሊ ሜትር የሆነ ኪስ በአማካይ ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ፣ 7 እና ከዚያ በላይ የሆነው ደግሞ ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ እንደሚቀንስ የቆዩ ጥናቶች ተሰብስበው አሳይተዋል። ሌዘር ሲጨመርበት የሚገኘው ትርፍ ነው አከራካሪው። የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር በ2015 መመሪያው ከቀለም ጋር ለሚሠራው የብርሃን ሕክምና ደካማ ድጋፍ ሰጠ፤ የዳዮድ፣ የኒዮዲሚየምና የኤርቢየም ሌዘር በጥልቅ እጥበት ላይ እንዲጨመር ግን አልመከረም። የአውሮፓ የድድ ሕክምና ፌዴሬሽን በ2020 መመሪያው ሌዘርንም የብርሃን ሕክምናውንም በእጥበት ላይ አለመጨመር ይሻላል አለ። ለሌዘር የቀረቡት ማስረጃዎች የሚያሳዩት ትርፍ ትንሽ ነው፤ ጥናቶቹም እርስ በርስ አይስማሙም።

የላናፕ ሰዎች መልስ አላቸው፤ በሐቅ መቅረብ አለበት። እነዚያ መመሪያዎች የፈረዱት ጨረር ከእጥበት በኋላ ለአፍታ ብልጭ በሚደረግበት አሠራር ላይ ነው፣ የእኛው ግን ከመነሻ እስከ መድረሻ የተለየ ቀዶ ጥገና ነው ይላሉ። የሚያቀርቡትም ማስረጃ ከመለኪያዋ አልፎ ይሄዳል፤ ማለፍም ነበረበት። ምክንያቱም መለኪያዋ ከሰባት ወደ ሦስት ብትወርድ ሁለት የተለያየ ነገር ሊሆን ይችላል። ድዱ ላይ ላዩን ጥርሱ ላይ ተለጥፎ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ጥርሱን ከአጥንት ጋር የሚያስተሳስሩት ጅማቶች እንደ አዲስ በቅለው ሊሆን ይችላል። ልዩነቱን የሚያሳየው ማይክሮስኮፕ ብቻ ነው፤ ለዚያም ጥርሱ ከነዙሪያው መነቀል አለበት።

ሬይመንድ ዩክናና ባልደረቦቹ ያደረጉት ይህንኑ ነው። በ2007 ባሳተሙት ጥናት ሊነቀሉ የተወሰነባቸው ስድስት ጥንድ ጥርሶች ታከሙ። ከእያንዳንዱ ጥንድ አንደኛው በሌዘር፣ ሁለተኛው በዚያው መንገድ ያለ ሌዘር። ከሦስት ወር በኋላ ከዙሪያቸው ካለው አካል ጋር ወጥተው ታዩ። በሌዘር የታከሙት ስድስቱም ላይ አዲስ የሥር ልባስና አዲስ ትስስር ተገኘ፤ ያለ ሌዘር ከታከሙት ከስድስቱ አምስቱ ላይ አልተገኘም። በ2012 ማርክ ኔቪንስና ባልደረቦቹ ሌሎች ጥርሶችን ከዘጠኝ ወር በኋላ ሲያዩ ውጤቱ ተደበላለቀ። ከአሥር ጥርሶች አምስቱ ላይ ሙሉ ዳግም እድገት፣ አንዱ ላይ አዲስ ትስስር ታየ፤ አራቱ ድድ ከላይ ከመለጠፍ አላለፉም። ለሳይንስ ብለው ሊነቀል የነበረ ጥርሳቸውን አስታክመው ከነሥሩ የሰጡ ሰዎች ባይኖሩ ይህን እንኳ አናውቅም ነበር።

እነዚህ ጥናቶች ሊሆን እንደሚችል ያሳያሉ። በየክሊኒኩ በሚታከመው ሰው አፍ ውስጥ በአብዛኛው ይሆናል ብለው አያረጋግጡም፤ ለዚያ ጥርሶቹ በጣም ጥቂት ናቸው። ፈቃዱም ቢሆን ማስታወቂያው እንደሚያስመስለው አይደለም። የምግብና መድኃኒት አስተዳደሩ ለእንዲህ ያሉ መሣሪያዎች የሚሰጠው ፈቃድ መሣሪያው ቀድሞ ከተፈቀደ መሰሉ ጋር በደኅንነትና በአሠራር ይመሳሰላል የሚል ነው። ከጥልቅ እጥበት ይበልጣል የሚል ብይን እዚያ ውስጥ የለም።

አክስቴ ከሳምንታት በኋላ ተመልሳ ተለካች። ደሙ በብዙ ቦታ ቆሟል፤ ስድስት የነበሩት አብዛኞቹ አራትና ከዚያ በታች ሆነዋል። ሁለት ቦታ ብቻ አልወረደም፤ አንደኛው የኋላ ጥርስ በሥሮቹ መሀል ክፍተት ስላለው የትኛውም መሣሪያ በደንብ የማይደርስበት ነው። ሐኪሙ ለነዚያ ለሁለቱ ቀዶ ጥገናውንም ሌዘሩንም ዘረዘረላት፤ እሷ ስፌት የሌለውን መረጠች። የጥላሸቱን ነገር ሐኪሙ አስቀድሞ አስቦበት ኃይሉን ዝቅ አድርጎ ሠራ። ሙሉ አፏ ቢሠራ ይወጣ ከነበረው በጣም ያነሰ ገንዘብ ወጣ። ጥሩ ውሳኔ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ጨረሩ የመጣው በልኩና በቦታው ነበርና።

የዚህ ሕክምና ከባዱ ክፍል ከዚያ በኋላ ነው የሚጀምረው። ጨረር የጠረገው ባክቴሪያ በሳምንታት ውስጥ ተመልሶ ይሰፍራል፤ ኪሱ እንዳይመለስ የሚያደርገው የየዕለቱ ጽዳትና በየሦስት በአራት ወሩ የሚደረገው ክትትል ነው። የእንጨት መፋቂያ ለዚህ ውለታው ብዙ ነው። ከወይራ ወይም ከክትክታ ተቆርጦ በደንብ ከተፋቀበት የጥርስን ገጽ ያጸዳል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም መፋቂያ በሚለመድባቸው አገሮች እንዲበረታታ መክሯል። በጥርሶች መሀል ግን አይገባም፤ የድድ በሽታ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ስለዚህ ክር ወይም በጥርሶች መሀል የምትገባ ትንሿ ብሩሽ ትጨመርበት። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ደግሞ ማጨሱን ሳያቆም ለሌዘር የሚከፍለው ገንዘብ አብዛኛው ይባክናል፤ የትኛውም የድድ ሕክምና አጫሽ ላይ ውጤቱ ዝቅተኛ ነው።

ሌዘር የቀረበላችሁ እንደሆነ ከመፈረማችሁ በፊት ሐኪሙን ጠይቁት። የእያንዳንዱ ጥርስ ቁጥር ስንት ነው? ወረቀቱን ስጠኝ። ጥልቅ እጥበት ተሠርቶ ከዚያ በኋላ ተለክቷል? መሣሪያው የትኛው ሌዘር ነው፣ ታርታሩንስ በምን ታነሳዋለህ? አጥንቱ ስለመብቀሉ የምታሳየኝ የራጅ ምስል ከስንት ጊዜ በኋላ ይነሳል? በትዕግሥት የሚመልስ ሐኪም ዘንድ ጨረሩን ለመሞከር መፍራት አያስፈልግም።

አዲስ አበባም ሆነ ጎንደር፣ ዱባይም ሆነ ቴል አቪቭ ያላችሁ ደግሞ ጥርስ ሐኪም ዘንድ የምትሄዱት አንዱን ጥርስ ለማስነቀል ቢሆን እንኳ፣ የቀሩትን እንዲለኩላችሁ ጠይቁ። ልኬቱ ደቂቃዎች ነው የሚወስደው፤ ሌዘር አያስፈልገውም። በተለይ ወላጆቻችሁ የስኳር በሽታ ካለባቸው አታዘግዩት። ድዳቸው ሲታከም የሦስት ወሩ የስኳር ልኬት በአማካይ በ0.4 የመቶኛ ነጥብ ገደማ እንደሚቀንስ ብዙ ጥናቶች ተደምረው በ2022 አሳይተዋል። ዛሬ ስትደውሉላቸው ሲቦርሹ ወይም ሲፋቁ ይደማቸው እንደሆነ ጠይቋቸው፤ አዎ ካሉ ቀጠሮ ያዙላቸው።